ነጻ ናሙና በኢንተርኔት፦ የትኛው መንገድ ይሻላል? (ጥቆማ)

ጠያቂ_21፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመዋቢያና የንጽሕና ዕቃ ነጻ ናሙና የሚገኝባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፤ የአምራቹ ድረ ገጽ፣ ናሙና የሚሰበስቡ ገጾች፣ «ሞክረሽ አስተያየት ጻፊ» የሚሉ ፓናሎች። የሚጠይቁት መረጃ ግን ያስፈራል። የቱን ትጠቁሙኛላችሁ?

ቁልፍ_ያዥ፦ አምራቹን በቀጥታ። ሰብሳቢዎቹ እጅ ናሙና የለም፤ የሚሸጡት ቅጹን የሞላውን ሰው ነው። መድን አለሽ? ብድር አለብሽ? ደመወዝሽ ስንት ነው? ናሙናው ጋ ሳትደርሺ መልሱ ገዢ አግኝቷል። የመጨረሻው ቅጽ በአምራቹ አድራሻ ላይ ካልተከፈተ ዝጊው። አድራሻውን ስታነቢ ከመጀመሪያው ነጠላ ስላሽ (/) በፊት ያለውን ጫፍ እዪ፤ ከፊቱ የታወቀ የምርት ስም ቢደረደርም ባለቤቱን የሚናገረው ጫፉ ነው። ከአድራሻው ጎን ያለችው የቁልፍ ምልክት ግንኙነቱ መመስጠሩን ብቻ ነው የምትነግርሽ፤ አጭበርባሪም አላት።

መረረኝ፦ ነጻ ብሎ ነገር የለም! «ማድረሻውን ብቻ ክፈሉ» ብለው ካርድ ይቀበላሉ፤ በ14 ቀን ካልሰረዛችሁ የሙሉ ዕቃውን ዋጋ በየወሩ ይቆርጣሉ። ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ ከታዘዘበት ዕለት ነው፤ ዕቃው እስኪደርስ ግማሹ አልቋል። ሌቦች!

ዘገየ፦ የሚደርሰውስ ዕድለኛ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ ሒሳቧ ግን በየወሩ ይመጣል።

ፕላስ_ምልክት፦ ምን ያስጨንቃችኋል? ጂሜይል ላይ ከስምሽ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል ጨምሪ። ደብዳቤው እዚያው ሳጥንሽ ይገባል፣ ማን አሳልፎ እንደሰጠሽም ታውቂያለሽ። አለቀ።

ቁልፍ_ያዥ፦ ከመደመሩ በኋላ ያለውን ቆርጦ መጣል ለሻጩ የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነው፤ ዋናው አድራሻሽ እዚያው ተጽፏል። ምልክቱን የማይቀበል ቅጽም ሞልቷል። ተለዋጭ አድራሻ ይሻላል፤ ደብዳቤውን ወደ ዋናው ሳጥንሽ ያሻግራል፣ ዋናውን አድራሻ ግን አያሳይም፤ ፋየርፎክስ ሪሌይ በነጻ 5 ይሰጣል፣ ሲምፕልሎጊን 10፣ ዳክዳክጎ ደግሞ በደብዳቤው ውስጥ የተደበቁ መከታተያዎችን ነቅሎ ያስተላልፋል። ስፓም (ያልተፈለገ ደብዳቤ) የበዛበትን አድራሻ መዝጋት ነው፣ ሌላው አይነካም።

ፕላስ_ምልክት፦ የፈለገው ይባል፣ ከጂሜይል ወዴትም።

መረረኝ፦ ስለ ኢሜይል ማን ጠየቀ? ካርዱስ?

ሒሳብ_ክፍል፦ መረረኝ፣ ካርድ ማስቀየር ብቻውን ላያድን ይችላል። ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን ቁጥር ለነጋዴው የሚያሻግር አገልግሎት አላቸው። መጀመሪያ ለሻጩ በጽሑፍ «ሰርዙ» በልና ቅጂውን ያዝ። ቀጥሎ ባንኩን የዚያን ነጋዴ ተደጋጋሚ ክፍያ አሳግደው። የተቆረጠውን ለማስመለስ አቤቱታ ስታቀርብ ቅጂው ማስረጃህ ነው፤ ቀነ ገደብ ስላለው አትዘግይ።

አዲስ_ገቢ፦ ይቅርታ፣ በኢሜይሉ ግርጌ ያለውን አንሰብስክራይብ (ከዝርዝሩ አውጡኝ) ሲጫኑት ጭራሽ የሚብሰው ለምንድን ነው?

ሒሳብ_ክፍል፦ ካልተመዘገቡበት ቦታ የመጣ ከሆነ፣ መጫኑ አድራሻው ላይ ሰው እንዳለ ማረጋገጫ ነው። ስፓም ብለው ይለፉት። የተመዘገቡበት ድርጅት ከሆነ ግን ይጫኑት፣ ይሠራል።

ዝምተኛ፦ ፓናሎቹ ተረሱ። ብዙ ጊዜ ሙሉ ዕቃ ይልካሉ፤ በምትኩ የቤተሰብ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ሕመም ሳይቀር ይመዘግባሉ። ናሙናውን ትታችሁ በቅጹ ላይ የሚሞላውን ሳጥን ቁጠሩ። ኢሜይል ይቀየራል፤ የልደት ቀን አይቀየርም። አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ላታንያ ስዊኒ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የፖስታ ኮድ፣ ጾታና ሙሉ የልደት ቀን ብቻ 87 በመቶ የአሜሪካን ሕዝብ ነጥሎ ለመለየት ሊበቃ እንደሚችል ገምተዋል። ዕድሜ ለማጣራት ዓመቱ ይበቃል። «ለአጋሮቻችን እናካፍል» የሚለው ሳጥን ቀድሞ ተሞልቶ ከመጣም አጥፉት። በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የ2019 ውሳኔ መሠረት እንዲህ ያለው ምልክት ፈቃድ ሆኖ አይቆጠርም፤ ይሰረዝልኝ ላለ ሰውም እዚያ በመሠረቱ በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታ ነው።

ጠያቂ_21፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስልክ ቁጥር ግዴታ ከሆነስ?

ቁልፍ_ያዥ፦ በፖስታ ሳጥን ለሚገባ ከረጢት ስልክ ምን ያደርግለታል? በመልእክተኛ የሚመጣ ከሆነ ይገባኛል። የማረጋገጫ ኮድ መልሰሽ ንገሪን ካሉ ግን ወዲያው ውጪ።

ፕላስ_ምልክት፦ ስልክ ቁጥርም እኮ በመደመር ነው የሚጀምረው።