ጣሊያን ለቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ሰዎች የዜግነት ቅድሚያ ትስጥ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኼ ነው። ጣሊያን ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ሊቢያን ቅኝ ገዝታለች። ኢትዮጵያንም ከ1936 እስከ 1941 ወርራ ይዛ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እንቁጠር)። ዛሬ ከነዚህ አገሮች ጣሊያን የገባ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ 10 ዓመት በሕጋዊ ነዋሪነት መቆየት አለበት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሁሉ የሚጠብቀውን ያህል ማለት ነው። ቅድሚያ ይገባቸዋል? አይገባቸውም? መሳደብ የለም፤ "ባንዳ" መባባልም የለም።

የሮሟ፦ ይገባናል! እኔ እዚህ አሮጊት እየጠበቅኩ ነው የምኖረው። 10 ዓመት ሲባል አፍ ላይ ይቀላል። ግን የሚቆጠረው የነዋሪነት ምዝገባሽ ካልተቋረጠ ነው። ቤት ስትቀይሪ አዲሱ አከራይ "በኔ አድራሻ አትመዝገቢ" ካለሽ መሀል ላይ ክፍተት ይገባል፤ ከዚያ ጣጣ ነው። ደግሞ የ3 ዓመት የገቢ ማስረጃ፣ የቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) የጣሊያንኛ ቋንቋ ሰርተፊኬት፣ 250 ዩሮ፣ በዚያ ላይ የ16 ዩሮ ቴምብር። ከተወለድሽበት አገርም የልደትና የወንጀል ማስረጃ። መልሱ እስከ 3 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ቅድመ አያቱ ከጄኖቫ ወደ አርጀንቲና የተሰደደ ሰው ግን ጣሊያንን ሳይረግጥ፣ ከ"ቦንጆርኖ" ውጭ ሳያውቅ ፓስፖርቱን ይወስድ ነበር። በ2025 ነው ያጠበቡት፤ አሁን ሐረጉ በወላጅና በአያት ይቆማል። እኛን በ10 ዓመት ሲያስጠብቁ፣ ደም ለቆጠረው በሩ ወለል ብሎ ስንት ዘመን ኖረ!

የፒያሳው፦ እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። ግን "ይገባናል" ያልሽው እኛን ጨምረሽ ነው? ዓድዋ በመጣ ቁጥር "ቅኝ ያልተገዛን ብቸኛ ሕዝብ" እያልን ደረታችንን ነፍተን፣ ፓስፖርት ላይ ስንደርስ "ገዝታችሁናልና ቅድሚያ ስጡን" ልንል ነው? አንዱን መምረጥ አለብን። እኔ ዓድዋን መርጫለሁ። አርበኞች አምስት ዓመት ዱር ያደሩት የልጅ ልጆቻቸው ሮም ወረፋ ላይ እንዲቀድሙ አይደለም።

የሮሟ፦ ጋሼ፣ አርበኞችን እዚህ ምን አመጣቸው? እኔ ግብር እየከፈልኩ ነው የምጠይቀው።

የፒያሳው፦ እንግዲያው በግብርሽ ጠይቂ። ፊሊፒናዊቷም ትከፍላለች። ቅኝ ግዛትን ምን አመጣው?

ተማሪው፦ ጋሽ ፒያሳ ይህን ጥሩ ብለዋል። ቢሆንም ነገሩ አዲስ አይደለም። ስፔን ለላቲን አሜሪካ አገሮች፣ ለፊሊፒንስና ለኢኳቶሪያል ጊኒ ዜጎች በ2 ዓመት ዜግነት መጠየቅ ትፈቅዳለች፤ ለሌላው በጥቅሉ 10 ዓመት ነው። ማንም "ልመና" አላለውም። ግን እዚያም ምርጫ አለ። ሞሮኳዊ 10 ዓመት ይጠብቃል፤ የሰሜን ሞሮኮ ሰፊ ክፍል በስፔን ሥር የነበረ ቢሆንም። ስለዚህ ቅድሚያው ካሳ አይመስለኝም። የሚፈልጉትን መምረጫ ነው።

የለንደኑ፦ እኔ ደግሞ ከእንግሊዝ በኩል ልናገር። እዚህ ተሞክሯል፤ መጨረሻውንም አይተናል። በ1948 የወጣው ሕግ ለጃማይካውም ለሊቨርፑሉም አንድ ዓይነት ዜግነት ሰጠ። በዚያው ዓመት "ዊንድረሽ" የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን ሰው ጭና ቲልበሪ ወደብ ደረሰች። ሰዎቹ የመጡት እንደ ዜጋ ነው፤ አውቶቡስ ነዱ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሠሩ። በ1962 በሩ መጥበብ ጀመረ። በ1968ና በ1971 ደግሞ "ወላጅህ ወይም አያትህ እዚህ ተወልዷል?" የሚል መስፈርት መጣ። በግልጽ ቀለም አልተባለም፣ ግን ማን እንደሚያልፍ ሁሉም ያውቃል፤ የአውስትራሊያ ነጭ አያት አለው፣ የባርቤዶስ ጥቁር የለውም።

ጉዱ የወጣው በ2018 ነው። ከ1973 በፊት በልጅነታቸው የገቡ፣ ሕጉ የፈቀደላቸው ሰዎች "ወረቀት አምጡ" ተባሉ። ሥራ አጡ፣ ሕክምና ተከለከሉ፣ ቢያንስ 83 ሰዎች ከአገር ተባረሩ። የሚገርመው፣ ሲገቡ የሞሉትን የመርከብ ካርድ በ2010 ያስወገደው መንግሥት ራሱ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ አምበር ራድ ሥልጣን ለቀቁ። ሽማግሌዎቹ ግን ስንቱ ዓመት አለፋቸው! ከቀድሞ ገዢ የተሰጠ ልዩ መብት እንዲህ ነው፤ ሰጪው በፈለገ ቀን ያጥፈዋል። ለኔ የሚሻለው 10 ዓመቱ ለሁሉም እኩል ቢቀንስ ነው።

የሮሟ፦ ያም ተሞክሯል እኮ ወንድሜ። ሰኔ 2025 ላይ ወደ 5 ዓመት ይውረድ ተብሎ ሪፈረንደም ተደረገ። ድምፅ ለመስጠት የወጣው 30 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነና ወደቀ፤ ከግማሽ በላይ መውጣት ነበረበት። "አይሆንም" ብሎ መከራከር እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ቤታቸው ተቀመጡ።

የአስመራዋ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም "ቅኝ የተገዛ ሁሉ" እያላችሁ ነው የምትከራከሩት። በዚያ እኔም ብዙ አልሟገትም፤ ጋሽ ፒያሳ ያሉት ስሜት ይሰጣል። ግን በጅምላው ውስጥ የተቀበረ ሌላ ነገር አለ። ጣሊያኖች አስመራ ላይ ከሀበሻ ሴቶች ስንትና ስንት ልጅ ወልደዋል። በ1937 እንዲህ ያለውን አብሮ መኖር እስከ 5 ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል ፈረጁት። በ1940 ደግሞ አባት "ልጄ ነው" ብሎ እንዳያስመዘግብ በሕግ ተከለከለ። በ1947 ሕጉ ተሻረ፤ ያኔ ግን ብዙው አባት ሄዷል ወይም ሞቷል።

አያቴ ከነዚያ አንዷ ናት። የጥምቀት ወረቀቷ ላይ የእናቷ ስም አለ። የአባት ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ ነው። ፎቶግራፉ አለን፤ ከነዩኒፎርሙ፣ እሷን ታቅፎ። እሷ ልዩ ውለታ አልጠየቀችም። በጣሊያን በራሷ ሕግ "የጣሊያናዊ ልጅ ጣሊያናዊ ነው" ይባላል። የአርጀንቲናው ሰው በዚያ ሕግ ገባ፤ አያቴ ውጭ ቀረች። እንዳትመዘገብ የከለከለው መንግሥት ዛሬ "ምዝገባሽን አሳዪ" ይላል።

ተማሪው፦ ይኼ የለንደኑ ካነሳው ጋር አንድ ነው። እዚያ ካርዱን አስወገዱ፣ እዚህ ጭራሽ እንዳይጻፍ ከለከሉ፤ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ግን ሁለቱም ጋ ሰውዬው ነው። ሕግ ቢሻሻል እኔ የምጀምረው ከዚህ ነው። የማስረጃው ሸክም ወደ መንግሥት ይዙር። ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ምስክር፣ የዘረመል (ዲ.ኤን.ኤ) ምርመራ፣ የተገኘው ሁሉ ይታይ። ተቃራኒውን የሚል ካለ እሱ ያስረዳ።

የለንደኑ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ይኼ ቅድሚያ አይባልም፤ የተወሰደ መመለስ ነው።

የፒያሳው፦ ለኤርትራ ልጆች ይሁን፤ አልቃወምም። ኢትዮጵያን ግን ከዚህ አውጡልኝ።

የአስመራዋ፦ ጋሼ፣ የ1940ው ሕግ የአስመራ ብቻ እኮ አልነበረም። አዲስ አበባም፣ ጎንደርም፣ ጅማም በዚያው ሕግ ሥር ነበሩ። እዚያ በነዚያ ዓመታት ተወልደው የአባት ስም የሌላቸውንስ ምን እንበላቸው?