በየቤታችን ስለምናስቀምጣቸው የመኪና ኬሚካሎች ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት፣ በየቤታችን ስለምናስቀምጣቸው ቤንዚን፣ የባትሪ አሲድ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና የፍሬን ዘይት አያያዝ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ ማርቀቅ ጀምሬያለሁ። ረቂቁን ከማስፈሬ በፊት ጉዳዩን ያነሣሁበትን ምክንያት መናገር ይገባኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ፣ ያኔ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ ከጨዋታ ውሃ ጠምቶት ገብቶ፣ እኔ ከአልጋ ሥር ካስቀመጥሁት የሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ተጎነጨ። የጠርሙሱ ወረቀት እንኳ አልተላጠም ነበር። ልጁ የጠጣው አንድ ጉንጭ ብቻ ቢሆንም እናቱ ደንግጣ ወተት አጠጣችው፤ ቀጥላም ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከትታ አስመለሰችው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ ልጁን ይበልጥ የጎዳው ወደ ሆዱ የገባው ቤንዚን ሳይሆን ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው የገባው ነው። ብዙ ቀን በኦክስጅን ከቆየ በኋላ ዳነ፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እህቴ ያደረገችው ማንኛችንም ብንሆን የምናደርገውን ነው፤ የተለየ ነገር የነገራት ሰው አልነበረም። ቤንዚኑን በውሃ ጠርሙስ አድርጌ ልጅ እጁ ከሚደርስበት ቦታ ያስቀመጥሁት ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ የረቂቁ የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ እንዲነበብ አስቤያለሁ፦ «ማንኛውም አባል ቤንዚን፣ ናፍታ፣ አሲድ፣ ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት ወይም የቀለም ማቅጠኛ ቀድሞ ውሃ፣ ለስላሳ፣ ጠላ ወይም የምግብ ዘይት በነበረበት ዕቃ አያስቀምጥም፤ ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካንም አጥቦ ለውሃ ወይም ለጠላ አያውልም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጥም።» የቀረውን እናንተ እንድትሞሉበት ክፍት ትቼዋለሁ።

የቴክኒክ ኮሚቴው አባል፣ መካኒክ፣ ደብረ ብርሃን

ጸሐፊያችን የደረሰባቸውን ሳይሸሽጉ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። በአንደኛው አንቀጽ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ በባትሪ ላይ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእኛ ከተማ ከቤንዚኑ ቀጥሎ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው እርሱ ነው።

ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ ሌባም ስለሚፈራ፣ ብዙዎቻችን ማታ ፈትተን ወደ ቤት እናስገባዋለን፤ አንዳንዶቻችንም ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ላይ እንሰካዋለን። በዚያው ሰዓት ቤተሰቡ በብርዱ ምክንያት ከሰል አንድዶ ይሞቃል። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በክፍሉ አየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከአየር ስለሚቀል ወደ ጣሪያ ወጥቶ ይጠራቀማል። የቤንዚን ትነት በተቃራኒው ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ተከትሎ ይሄዳል፤ ምድጃውም የተቀመጠው ወለል ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ ክፍል የተገናኙበትን ቤት በዓይኔ ስላየሁ ነው ይህን አጥብቄ የምጽፈው።

አሲዱን በተመለከተ፣ በባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲሶው ገደማ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። በአነጋገራችን ግን አሲዱንም የተጣራውን ውሃም «የባትሪ ውሃ» እንላለን፤ ይህ አጠራር ራሱ አደጋ ስለሆነ በሐሳቡ ውስጥ «አሲድ» ተብሎ ብቻ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። በተለማማጅነቴ ዘመን ባትሪ ተሸክሜ ስሄድ ጥቂት ጠብታ ቱታዬ ላይ ፈሰሰ። በዕለቱ ምንም አልታየኝም፤ በማግሥቱ ሲታጠብ ግን ከጭኑ በኩል እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ውኃው ውስጥ ተቆራረጠ። ጨርቁን እንዲህ ያደረገ ነገር በዓይን ብሌን ላይ የሚያደርገውን መገመት አያዳግትም።

ከባድ አሲድ ማቅጠን ግድ የሆነበት ሰው አሲዱን ቀስ እያደረገ ወደ ውሃው ይጨምራል፤ ውሃውን ወደ አሲዱ ከጨመረ ግን ፈልቶ ፊቱ ላይ ይረጫል። እንዲያውም ማቅጠን የጋራዥ እንጂ የቤት ሥራ እንዳይሆን በግልጽ ቢከለከል እመርጣለሁ። ወለል ላይ የፈሰሰ አሲድ ቤኪንግ ሶዳ፣ እርሱ ከሌለ የምድጃ አመድ ይነሰነስበትና አረፋው ሲያበቃ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ሰውነት ላይ ወይም ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን ሶዳም አመድም አይነካም፤ ልብሱ ወልቆ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያም ወደ ሕክምና ይኬዳል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና ወይም እንቁላል መቀባት ቁስሉን ያባብሰዋል።

አሮጌ ባትሪ ለቁራሌ የምንሸጥበት መንገድም መስተካከል አለበት። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ስለሆነ ገዢ አያጣም። ነገር ግን ከመሸጡ በፊት አሲዱ ግቢ ውስጥ ይደፋል፤ ከአሲዱ ጋር የእርሳሱ ዝቃጭ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ እዚያው አፈር ላይ ልጆች ይጫወታሉ። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ምንም ያህል ቢያንስ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅትም አስታውቋል። ባትሪው ሳይከፈትና አሲዱ ሳይደፋ እንዲሸጥ በአንቀጽ ይግባልኝ።

የሸዋ ሮቢት ተወካይ

የተከበሩ ጋሼ መካኒክ ስለ ብርዱ የጻፉትን አነበብሁ፤ የእኛ ችግር ደግሞ ሙቀቱ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ለቆ ወደ ቆላው የሚወርድ ሾፌር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋቱ ብርድ እስከ አፉ የተሞላ የቤንዚን ጀሪካን ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሆዱ ተነፍቶ ይገኛል። ክዳኑን በድንገት የከፈተ ሰው ትነቱ ፊቱ ላይ ይገነፍልበታል። ስለዚህ ጀሪካን ሲቀዳ ከላይ ባዶ ቦታ እንዲተውለት፣ ከተሳፋሪ ጋርም በአንድ ክፍል እንዳይጫን ይጨመር። ቤንዚን በቱቦ በአፍ መሳብም መቅረት አለበት፤ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መሳቢያ ገበያ ላይ አለ።

ዋናው የእኔ ጉዳይ ግን የተቃጠለ ዘይት ነው። በእኛ አካባቢ ምስጥ ስለሚያስቸግር የቤት ቋሚና የአጥር እንጨት በተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ አቧራ እንዲተኛ በር ላይ ይረጫል፤ አንዳንዱም የከብት ቁስል ይቀባበታል። ሰው ይህን የሚያደርገው ዘይቱ በነጻ ስለሚገኝና የሚወስድበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው። ነገር ግን ዘይቱ ሞተር ውስጥ ሲሠራ ከነዳጁ ቃጠሎና ከብረቱ ፍቅፋቂ የሚሰበስበው መርዝ አለ፤ በቆዳ ላይ ሲደጋገም ቁስልና ከዚያም የከፋ በሽታ፣ ካንሰርም ጭምር፣ ሊያመጣ ይችላል። በር ላይ የተረጨው ክረምት ሲገባ በጎርፍ ታጥቦ የመስኖ ሽንኩርታችን የሚጠጣው ቦይ ውስጥ ይገባል። እናንተም ጋ የሚደፋው ወደ በሬሳ ወንዝ ይሄዳል። «አትድፉ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ስለማይበቃ፣ የምንደፋበትን በርሜል ማኅበሩ ያቅርብልን።

የባጃጅ ዘርፍ ተወካይ

በሌሎቹ እስማማለሁ፤ ቤንዚን በፍጹም ቤት አይግባ የሚል አንቀጽ ሊጨመር ነው የሚል ወሬ ስለሰማሁ ግን ተቃውሞዬን ላስመዝግብ። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ማደያ ላይ ሌሊቱን ተሰልፎ ያደረ የባጃጅ አሽከርካሪ ያገኘውን ጥቂት ቤንዚን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ የለውም። ከማደያ ውጭ በጠርሙስ የሚቸረችሩትን መደገፍ አይደለም፤ ያ ሕገ ወጥ ነው፣ ይቁም። ነገር ግን ማንም የማይጠብቀው ደንብ ብናወጣ አባሉ ቤንዚኑን ከእኛም ከቤተሰቡም ደብቆ ያስቀምጣል፤ የተደበቀው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ደብረ ብርሃን

ወንድማችን የባጃጅ ዘርፍ ተወካይ ልክ ናቸው። እኔም እንደ ሾፌር ሚስትነቴ ይህን ልጨምር፤ እስካሁን የተጻፈው ሁሉ የተጻፈው ለሾፌሩና ለመካኒኩ ነው። ሾፌሩ ግን ቀኑን መንገድ ላይ ነው። ከኬሚካሉ ጋር ቤት የሚውሉት ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እናቱና የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ቱታውን ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ የምታጥበው እርሷ ናት፤ ጠርሙሱን ስታጸዳ የምታነሣውም እርሷ ናት። ምን እንደሆነ ያልተነገራት ሰው ልትጠነቀቅ አትችልም።

ኩላንትን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። በብርዱ ምክንያት እዚህ በብዛት እንጠቀምበታለን፤ አረንጓዴ ወይም ቀይ ስለሆነ እንደ ለስላሳ ያምራል፣ ውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮልም ጣፋጭ ነው። ለአንድ አዋቂ ሰው 100 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም የማይበልጥ፣ ለሞት ሊያበቃ ይችላል፤ ለሕፃን እጅግ ያነሰ ይበቃል። መጀመሪያ እንደ ስካር ብቻ ያደርጋል፤ ቤተሰቡ «ይተኛና ይለፍለት» ሲል ኩላሊት ይጠፋል። የግቢያችን ውሻ ከመኪና ሥር የፈሰሰውን ልሶ በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ ያን ጊዜ መርዝ ያበላው ጎረቤት መስሎን ሰው ተጠራጥረን ነበር።

ስለዚህ ትምህርቱ በጋራዥ ብቻ ሳይሆን በየእድሩ እንዲሰጥ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም እንዲጋበዙ፣ ከደጅ በር ጀርባ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል እንዲታተም ሐሳብ አቀርባለሁ። በላዩ የሚጻፈው ጥቂት ይሁን፦ ቤንዚን፣ ናፍታ ወይም አሲድ የጠጣን ሰው አታስመልሱ፤ የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ አትድፉ፣ በአሸዋ ወይም በአፈር አፍኑት፤ እጅን በቤንዚን አትታጠቡ፣ ጥቂት የምግብ ዘይት ቀብታችሁ በሳሙና እጠቡ። ለኅትመቱ ከመደበኛ መዋጮው የሚተርፈው ገንዘብ እንደሚበቃ አረጋግጫለሁ፤ ለበርሜሎቹ ግን አይበቃም።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውይይቱን መሠረት በማድረግ ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽዬዋለሁ።

አንደኛው አንቀጽ እንዳለ ይቀጥላል። ቤንዚንን በተመለከተ ፈጽሞ መከልከሉን ትተን፣ ቤት ማስቀመጥ ግድ የሆነበት አባል ለነዳጅ በተሠራ፣ ክዳኑ በሚጠብቅና ከላይ ባዶ ቦታ በተተወለት ዕቃ፣ ሰው ከማይተኛበትና እሳት ከማይነድበት ውጪያዊ ክፍል፣ በቁልፍ እንዲያስቀምጥና በቤቱ ላሉ አዋቂዎች ሁሉ እንዲያሳውቅ ይደነግጋል። በአፍ መሳብ ይከለከላል። ባትሪ ሰው በሚኖርበት ክፍል ቻርጅ አይደረግም፤ አሲድ በቤት አይቀጠንም፤ አሮጌ ባትሪ ሳይከፈት ይሸጣል። ኩላንትና የፍሬን ዘይት ከእነ ፋብሪካ ዕቃቸው ይቀመጣሉ፤ መሬት ላይ የፈሰሰውም በሰጋቱራ ወይም በደረቅ አፈር ተመጦ ሳይውል ሳያድር ይነሣል።

የተቃጠለ ዘይትን በሚመለከት፣ ክዳን ያላቸው ሁለት በርሜሎች፣ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ሸዋ ሮቢት፣ ከጎርፍ በራቀ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጣሉ። ዘይቱ ከቤንዚን፣ ከኩላንትም ሆነ ከፍሬን ዘይት ጋር አይደባለቅም፤ ከተደባለቀ መልሶ ለማጣራትም ለሌላ ሥራም አይሆንም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ስላሉ፣ የተጠራቀመውን ማን ሊረከበን እንደሚችል ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶቹ በደብዳቤ እንጠይቃለን። መልሱ በጽሑፍ እስኪደርሰን ድረስ በርሜል አንገዛም፤ ሞልቶ የሚደፋበት ቦታ ያጣ በርሜል ካሁኑም የባሰ ጉዳት ያመጣል።

የእድሩ ትምህርትና የበር ጀርባው ጽሑፍ ግን ደብዳቤ የሚጠብቁ አይደሉም። የጽሑፉን ቃላት ገንዘብ ያዥዋና ጋሼ መካኒክ እስከ ዓርብ ጨርሰው እንዲልኩልኝ፣ ከመታተሙ በፊትም አንድ የጤና ባለሙያ እንዲያየው እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን ቅጂ እህቴ ቤት በር ላይ እኔ ራሴ እለጥፈዋለሁ።