ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት መብራት መሳብ፦ ኧርዝ ሮድ ብቻውን ይበቃል?

ጓሮቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከዋናው ቤት ቦርድ እስከ ጓሮው ሰርቪስ ቤት 25 ሜትር ነው። እዚያ 3.8 ኪሎ ዋት የእንጀራ ምጣድ፣ 2 ኪሎ ዋት ስቶቭ፣ የሦስት ክፍል መብራትና ሶኬት ይኖራል። ቆጣሪው ሲንግል ፌዝ፣ 220 ቮልት ነው። የተሰጠኝ ሐሳብ ፌዝና ኒውትራል (መጪና ተመላሽ ሽቦ) ብቻ በባለ 4 (4 ካሬ ሚሊ) ሽቦ መሳብ፣ ሰርቪሱ ጋ ኧርዝ ሮድ (መሬት ውስጥ የሚገባ የብረት ዘንግ) መቅበርና ኒውትራሉን እዚያው ከሮዱ ጋር ማሰር ነው። ያስኬዳል?

ባለቴስተር፦
ወንድሜ፣ እንዳታሰራው። ሮድ ብቻውን ብሬከር አይጥልም (አያስጠፋም)። የምጣዱ ሽቦ ቆርቆሮውን ቢነካና የሮዱ ሬዚስታንስ 20 ኦም ቢሆን፣ የሚፈሰው ቢበዛ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። ባለ 32 ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ስለሚያየው ዝም ይላል፤ ቆርቆሮው ግን ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል፣ የምትጋግረውም ሰው በሊጥ እጇ ትነካዋለች።

ስለዚህ ከዋናው ቦርድ ሦስት ገመድ ይሳብ፤ ሦስተኛው ቢጫና አረንጓዴው ኧርዝ ነው። የዋናው ቤት ኧርዝም ሮድ ብቻ ከሆነ ይህም ብሬከር ላይጥል ይችላል። ስለዚህ ሰርቪስ ቦርዱ ላይ ባለ 40 አምፔር፣ 30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ ኧርዝ ሲያፈስ የሚያጠፋ) የግድ ነው። በዋናው ቦርድም ሊኬጅ ብሬከር ካለ የሚዘገየው ዓይነት፣ 100 ሚሊ አምፔር ይሁን፤ አለበለዚያ ምጣዱ ባስቸገረ ቁጥር ዋናው ቤትም ይጨልማል።

ኒውትራሉ ሰርቪሱ ጋ ከኧርዝ ጋር አይገናኝ፤ ባሮቻቸው (ሽቦዎቹ ቦርዱ ውስጥ የሚታሰሩባቸው ብረቶች) ለየብቻ ይሁኑ። ከተገናኙ የጭነቱ ከፊል በኧርዝ ስለሚመለስ ሊኬጅ ብሬከሩ እየወረደ ያስቸግራል። ከዚህ የከፋው መንገድ ላይ ኒውትራሉ ሲበጠስ ነው፤ ያኔ የየዕቃው ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ገመዱን በተመለከተ፣ ምጣዱና ስቶቩ ብቻ 26 አምፔር ይወስዳሉ። ባለ 4 ግድግዳ ውስጥ በኮንዲዊት ሲያልፍ የሚችለው 30 አምፔር ገደማ ነው። ባለ 3 ኮር (ውስጡ ሦስት ሽቦ ያለው) 10 ካሬ ሚሊ ሳብና ዋናው ቦርድ ላይ በ32 ብሬከር ጠብቀው፤ 25 ሜትር ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅ 3 ቮልት ገደማ ነው። ምጣዱ 17 አምፔር ስለሚወስድ ባለ 16 ሶኬት ላይ ከተሰካ ሶኬቱ ሊቀልጥ ይችላል። ለብቻው 25 ብሬከር፣ ባለ 4 ሽቦና ያለ ፕለግ የሚታሰር ማጥፊያ አድርግለት።

ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከሥርም ከላይም አሸዋ፣ ከዚያ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ። መሬት ውስጥ ቅጥያ አይኑር።

መሬትለኪ፦
በባለቴስተር ላይ ስለ ሮዱ ልጨምር፤ ሰርቪሱ ጋ መቅበሩ ጥሩ ነው፣ ግን ከኧርዝ ባሩ ጋር ይታሰር። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቦታ መረሬ አፈር ነው። በጋ ሲሰነጠቅ ከሮዱ ይለያል፤ በክረምት የተለካ 15 ኦም የበጋውን አይነግርህም። የሚቀጠል ሮድ ወደ ታች አስገባ፣ ወይም ሁለተኛ ሮድ ቢያንስ በሮዱ ቁመት ልክ አርቀህ ቅበር። ጨው ማፍሰስ ለጊዜው ሬዚስታንሱን ቢቀንስም ዝናብ ያጥበዋል፣ መያዣውንም ያዛገዋል፤ ቤንቶናይት (ውሃ የሚይዝ የሸክላ አፈር) ይሻላል። በፌዝና በሮድ መካከል አምፖል ስለበራ ኧርዙ ደህና ነው ማለት አይደለም። 40 ዋት አምፖል የሚወስደው 0.2 አምፔር እንኳ ስለማይሞላ መጥፎ ሮድ ላይም ይበራል። በኧርዝ መለኪያ ይለካ።

ጓሮቤት፦
እናመሰግናለን። ምጣዱ ገና ሲበራ ሊኬጅ ብሬከሩ ቢወርድስ? ሠራተኞቹ «አውጣውና ይሠራል» ይላሉ።

ባለቴስተር፦
እንዳይወጣ። ብዙውን ጊዜ ሸክላው ወይም የሽቦው ጎድጓዳ እርጥበት ስቦ ነው። ምጣዱን ከመስመሩ ፍታውና ሌላው ሲበራ ብሬከሩ ሳይወርድ ይቆም እንደሆነ እይ። ከቆመ ጥፋቱ ምጣዱ ነው፦ አድርቀህ በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ከሽቦው ወደ ቆርቆሮው ለካ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ሽቦው ወይም መያዣው ይቀየር። ምጣዱ ተፈትቶም የሚወርድ ከሆነ ኒውትራሉ የሆነ ሶኬት ውስጥ ኧርዝ እየነካ ሊሆን ይችላል፤ ዋናውን አጥፍተህ የየመስመሩን ኒውትራል ከባሩ አንድ በአንድ እየፈታህ ከኧርዝ ጋር ለካ።