ፒኦ-33 ላይ ችክችካ መስራት፦ 16 ስቴፕ አልገጥም አለኝ፣ ሜሞሪውም ቶሎ ያልቃል

በረንዳ_ቢት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒኦ-33 (የቲንኤጅ ኢንጂነሪንጓ ትንሿ ሳምፕለር፣ ድምፅ ቀድታ የምታጫውት ማሽን) ይዤ በከበሮ፣ በጭብጨባና በክራር ችክችካ መስራት ፈልጌ ነበር። ፓተርኑ (እየተደጋገመ የሚሄደው ዙር) 16 ስቴፕ (የምት ማስቀመጫ ቦታ) ስለሆነ ዙሩ ሲደገም ምቱ ይሰበራል። ከስልክ በኬብል ስቀዳ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ከስርም የማያቋርጥ እዝዝታ አለ። የ40 ሰከንድ ሜሞሪውም ገና ጥቂት ሳምፕል (የተቀዳ ድምፅ) ሳስገባ ያልቃል። ክራሩን ሜሎዲ ቦታ ላይ ስጫወተው ደግሞ የትዝታ ቅኝት አልሆን አለኝ። መላ ያላችሁ?

አውታር፦
ከምቱ ልጀምር። ችክችካ በ6 ነው የሚቆጠረው፤ 16 ለ6 ሲካፈል 4 ይተርፋል፣ የሚሰበረውም እዚያ ላይ ነው። ሦስት ፓተርን ብታያይዝ ግን 48 ስቴፕ ታገኛለህ፣ 48 ደግሞ ለ6 ልክ 8 ጊዜ ይካፈላል። እንዲህ አስቀምጠው፦

ከበሮ (የስድስቱ 1ኛ)፦ ፓተርን 1 ላይ 1፣ 7፣ 13። ፓተርን 2 ላይ 3፣ 9፣ 15። ፓተርን 3 ላይ 5፣ 11።
ጭብጨባ (የስድስቱ 4ኛ)፦ ፓተርን 1 ላይ 4፣ 10፣ 16። ፓተርን 2 ላይ 6፣ 12። ፓተርን 3 ላይ 2፣ 8፣ 14።
ቀላሏ ምት (3ኛውና 6ኛው)፦ ፓተርን 1 ላይ 3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 15። ፓተርን 2 ላይ 2፣ 5፣ 8፣ 11፣ 14። ፓተርን 3 ላይ 1፣ 4፣ 7፣ 10፣ 13፣ 16።

ሦስተኛዋን እንዳትዘላት፤ ያለ እሷ ችክችካ ሳይሆን ማርሽ ነው የሚመስለው። ግን ድምጿ ዝቅ ይበል፦ በኤፍኤክስ (የኢፌክት) ቁልፍ ቶን የሚለው ላይ ትመጣለህ፣ ከዚያ ቢ ኖብ (ቢ የሚባለው መዞሪያ) ቮልዩም ነው። ስትጨርስ ፓተርን ቁልፉን እንደያዝክ 1፣ 2፣ 3ን በተራ ስትነካ ይያያዛሉ።

ቴምፖው (የምቱ ፍጥነት) ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ማሽኗ አንድ ምት የምትለው 4 ስቴፕ ሲሆን ያንተ ምት 3 ስቴፕ ነው። ስለዚህ የምትፈልገውን በ0.75 አባዛው። ከበሮና ጭብጨባው አንድ ላይ በደቂቃ 120 እንዲመታ ካሰብክ ማሽኗን 90 ላይ አድርጋት። ስዊንጉም ዜሮ ይሁን፤ ስዊንግ ሁለት ሁለቱን ስቴፕ ነው የሚያንሻፍፈው፣ ሦስት ሦስት በሚሄድ ምት ላይ አንዴ ያፈጥናል አንዴ ያዘገያል።

ጓዳ_ስቱዲዮ፦
ይህን ሁሉ ከመቁጠር ኤፍኤክስ ይዞ 13ን መጫን አይቀልም? 6/8 ኳንታይዝ (ምቱን ራሷ ወደ 6/8 የምታስተካክልበት ኢፌክት) እኮ አላት።

አውታር፦
አለች፣ ለአንዲት ዙር ማሳመሪያ ጥሩ ናት። ዋናውን ምት በእሷ ላይ መመስረት ግን አልመክርም። የትኛው ምት የት እንደሚያርፍ የምትወስነው ማሽኗ ናት፤ የኤፍኤክሱንም ቦታ ስለያዘችው እዚያው ላይ ስተተርም (ድምፁን ማንተባተቢያ) ሆነ ሪቨርስ (ወደ ኋላ ማጫወቻ) ልጨምር ብትል አይሆንም።

ሶኬት፦
መሰነጠቁ ከስልኩ ነው። ማሽኗ ላይ የመግቢያ ድምፅ መቀነሻ የለም፣ ስልኩ የላከውን እንዳለ ትቀበላለች። ቮልዩሙን ግማሽ አካባቢ አድርገህ ጀምር፣ ከበሮው ሲመታ ጫፉ እስኪሰነጠቅ ቀስ እያልክ ጨምር፣ ከዚያ አንድ ሁለት እርከን መልስ። የስልኩን ኢኳላይዘርና ቤዝ ቡስት አጥፋ። አንዴ ተሰንጥቆ የተቀዳ ድምፅ በኋላ ቮልዩም ብትቀንስለት አይስተካከልም።

እዝዝታው ሲሰማህ ስልኩ ቻርጀር ላይ ከሆነ ንቀለውና ስማ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያበቃል። ካላበቃ የኬብሉን ጫፍ እየው። ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ነው የሚፈለገው። ሦስት ቀለበት ያለው የማይክ መስመር ጨምሮ የያዘ ስለሆነ ግንኙነቱ ይዛባል፣ ድምፁም ወይ ይሳሳል ወይ በአንድ ጎን ይቀራል።

ቅኝት፦
ክራሩን ከ1 እስከ 8 ካሉት ሜሎዲ ቦታዎች አውጣው። እዚያ አንዷን ድምፅ ወስዶ በራሱ ስኬል ከፍና ዝቅ ያደርጋታል፣ ያንተን ቅኝት አያውቅም። ወደ ላይ ስትሄድ ድምፁ ያጥራል፣ ወደ ታች ይጎተታል፤ ክራር ላይ ደግሞ ይህ ወዲያው ይታወቃል።

ከ9 እስከ 16 ያሉት የድራም ቦታዎች የገባላቸውን ድምፅ ራሳቸው ቆራርጠው በአዝራሮቹ ላይ ያድሉታል። ስለዚህ ክራሩን መጀመሪያ በትዝታ ቃኘው፣ ከዚያ ስድስቱን ክር አንድ በአንድ እየመታህ በአንድ ቅጂ አስገባ። ቀጣዩን ከመምታትህ በፊት ያለፈውን ክር በእጅህ አፍነው፤ ጭራው ከተደራረበ መቁረጫውን ያሳስታል። ባቲ ስትፈልግ ክራሩን ቃኝተህ ሌላ ቦታ ላይ ቅዳ።

አንድ ቦታ በአንድ ስቴፕ ላይ አንድ ቁራጭ ብቻ እንደሚይዝ አትርሳ። ከበሮ፣ ጭብጨባና ክራር በየራሳቸው ቦታ ይሁኑ።

በረንዳ_ቢት፦
ተባረኩ። ክራሩ ተቆራርጧል፣ ግን ሦስተኛው ክር መነሻው ተበልቶ "እንግ" ብቻ ነው የሚለው። ሜሞሪውስ?

ቅኝት፦
ያንን አዝራር ንካው፣ በኤፍኤክስ ወደ ትሪም ሂድ፣ ኤ ኖብ መነሻውን ይመልስልሃል፣ ቢ ርዝመቱን። ትሪም ግን ሜሞሪ አይመልስም፣ የሚሰማውን ክፍል ብቻ ነው የሚወስነው። ከመቅዳትህ በፊት ነው ማሳጠር ያለብህ።

ለሜሞሪ የቆየው ዘዴ ይሰራል፦ በእጥፍ ፍጥነት ቅዳ፣ ማሽኗ ላይ በቶን ኤ ኖብ የድምፁን ቅጥነት (ቮልዩሙን ሳይሆን) ዝቅ እያደረግህ ከዋናው ጋር በጆሮህ አስማማው። የ6 ሰከንድ ክራር 3 ሰከንድ ብቻ ይፈጃል። የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ያለውን 2x ግን አትጠቀም፤ እሱ ድምፁን ሳያቀጥን ነው የሚያፈጥነው፣ ስለዚህ ዝቅ ስታደርገው አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይቀራል። ኦዳሲቲ (የኮምፒውተር ድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ቴምፖ የሚለውን ትተህ ስፒድ የሚለውን ተጠቀም።

ዋጋውም አለው። ማሽኗ የምትቀዳው በ23 ኪሎኸርዝ ገደማ ስለሆነ ከ11 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድሮም የለም፤ በዚህ ዘዴ ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። ከበሮና ክራር ያምርባቸዋል፣ የድሮ ካሴት ይመስላሉ። ጭብጨባውን ግን በልኩ ፍጥነት ቅዳ፣ ጥርት የሚያደርገው ላይኛው ድምፅ ነው።

ሶኬት፦
ሁሉንም ከመሙላትህ በፊት ባክአፕ አድርግ። ማሽኗ ዳታዋን እንደ ጩኸት በድምፅ ነው የምታወጣው። በዋቭ (ድምፁን በማይጨምቅ ፋይል) ቅዳው እንጂ በኤምፒስሪ አይሁን፣ በቴሌግራም የድምፅ መልእክትም አትላከው፤ ሲጨመቅ ዳታው ስለሚበላሽ ማሽኗ መልሳ አታነበውም።