ያልተሰነጠቀ የአስቤስቶስ ኮርኒስ ይነሣ ወይስ ባለበት ይተው?

ጥያቄ

የምንኖርበት ቤት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ ኮርኒሱ ሲሚንቶ በሚመስል ግራጫ ዝርግ ሰሌዳ የተሸፈነ ነው። መብራት ሊያስገባ የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አንድ ቀዳዳ በድሪል ከበሳ በኋላ «ይህ አስቤስቶስ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሥራውን አቆመ። ባለቤቴ ኮርኒሱ በሙሉ ተነቅሎ እንዲወጣ ትፈልጋለች፤ እኔ ግን ይህን ያህል ዓመት ሳይነካ የኖረን ነገር መነቃቀሉ የባሰ አደጋ ያመጣብን ይሆን እያልሁ እሠጋለሁ። ልጆች ስላሉን ጉዳዩን በቸልታ ማለፍ አልችልም። የወደቀውን አቧራ በዚያው ዕለት በመጥረጊያ አጽድቼዋለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

ሠራተኛው ማቆሙ አስተዋይነት ነው፤ ብዙዎቹ በስተው ይሄዳሉ። አስቤስቶስ ቃጫ መሳይ ማዕድን ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው በዓይን የማይታዩት ቃጫዎቹ በአየር ተንሳፍፈው ወደ ሳንባ ሲገቡ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ካልተሰነጠቀ፣ ካልተፈረፈረና ማንም ካልቆረጠው ወይም ካልፋቀው፣ ባለበት መተዉ አብዛኛውን ጊዜ ከመንቀሉ ይሻላል።

ነገር ግን ከውሳኔው በፊት የሰሌዳው ዓይነት መታወቅ አለበት። በሲሚንቶ የተሠራው ጠንካራው ሰሌዳ በአብዛኛው ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ አስቤስቶስ ሲኖረው፣ ቃጫውም በሲሚንቶው ውስጥ አጥብቆ የተያዘ ነው። ለእሳት መከላከያ የተሠራው ለስላሳ ሰሌዳ ግን እስከ 40 እጅ ሊይዝ ይችላል፤ በቀላሉም ስለሚፈረፈር ሲነካ የሚለቀው ቃጫ እጅግ ይበዛል። ቀለም ከተቀቡ በኋላ ሁለቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። በሥራዬ ብዙ ኮርኒስ አይቻለሁ፤ ዛሬም ቢሆን በማየት ብቻ «ይህ እንዲህ ነው» ብዬ አልፈርምም። የሚለየው በላቦራቶሪ፣ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው።

ሁለተኛ መልስ

ስለ መጥረጊያው ልናገር። ደረቅ መጥረጊያ የወረደውን ቃጫ እንደገና ወደ አየር ያነሣዋል፤ ተራው የቤት ቫኪዩም ደግሞ ረቂቁን ቃጫ በማጣሪያው አሳልፎ ክፍሉ ውስጥ መልሶ ይበትነዋል። ወለሉንና መደርደሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ጨርቁን አጥበው መልሰው አይጠቀሙበት፣ ገና እርጥብ እንዳለ በሁለት ፕላስቲክ ከረጢት ደራርበው ይቋጥሩት። የጨርቅ ማስክ ለዚህ ሥራ አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ኤፍኤፍፒ3 የሚባለው ዓይነት፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም መሸፈኛ ነው።

በአንድ ቀዳዳ ግን አይደናገጡ። አስቤስቶሲስ የተባለው የሳንባ ጠባሳ ለዓመታት ብዙ ቃጫ በተነፈሱ ሠራተኞች ላይ የሚታይ ነው። የሳንባ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማም (ሳንባን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ በብዛት የሚነሣው ካንሰር) ቢሆኑ የመያዝ ዕድላቸው የሚጨምረው በተተነፈሰው መጠን ልክ ሲሆን፣ በሽታው ብቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ምንም ጉዳት የማያደርስ መጠን አለ ማለቴ ግን አይደለም። በቤቱ ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ፣ ሁለቱ ሲደመሩ የሳንባ ካንሰርን አደጋ እጅግ ያንሩታልና ማቆሙ ይጠቅማል።

ጠያቂው

ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። ለምርመራ የሚሆነውን ናሙና እኔው ቆርጬ ብወስድስ?

ሦስተኛ መልስ

ባለሙያ ቢወስደው እመርጣለሁ፤ ሰሌዳው ለስላሳው ዓይነት ሆኖ ከተገኘ፣ ናሙና መውሰዱ ራሱ አቧራ ያስነሣልና። እስከዚያው ቀዳዳውን ሳይፍቁና ሳያሰፉ በቴፕ ይድፈኑት።

ከመጀመሪያው መልስ በአንድ ነገር እለያለሁ። «ባለበት ይተው» የሚለው ምክር የሚሠራው ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲያውቅ ብቻ ነው። እናንተ ብታውቁም ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ቧንቧ ሠራተኛ ወይም ቤቱን የሚገዛው ሰው አያውቅም። ስለዚህ ሰሌዳው የት የት እንዳለ በጽሑፍ ይያዝ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ስንጥቅና የውሃ ጠብታ መኖሩ ይታይ፤ ማንኛውም ሠራተኛ መሣሪያውን ከማውጣቱ በፊት ይነገረው። ሰሌዳውን ሳይፍቁ ቀለም መቀባትም የላይኛውን ገጽ ያሽገዋል። በቅርቡ ኮርኒሱን የሚነካ ትልቅ እድሳት ካሰባችሁ ግን የባለቤትዎ ሐሳብ ይበልጣል፦ ቤቱ ባዶ ሳለ፣ ሌላው ሥራ ሳይጀመር፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ሰሌዳውን እያረጠቡ ሳይሰብሩ ያውርዱት።