ባለቤቷ ሜሪላንድ፣ ግቢው ሆለታ፤ ኩሬው የት ይሁን?

ንድፈኛዋ (ጥያቄ)
ሆለታ አጠገብ 6,000 ካሬ ሜትር የሚሆን ተዳፋት ግቢ ላይ የአትክልት ስፍራ እየነደፍሁ ነው። ከበረንዳው እስከ ታችኛው አጥር ድረስ መሬቱ 11 ሜትር ያህል ይወርዳል። ባለቤቷ ሜሪላንድ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ የምንገናኘው በኢሜይል ብቻ ነው። የሚፈልጉት በቡገንቪሊያ የተሸፈነ መተላለፊያና ታች ክብ ኩሬ ነው። ፕላኑን ሦስት ጊዜ ላክሁላቸው፤ ሦስቴም «ያምራል፣ ግን ኩሬው ትንሽ ከፍ ይበል» አሉኝ። ወደ ቤቱ ይጠጋ ማለታቸው ይሁን ግንቡ ይርዘም አልገባኝም። ክረምት ሳይገባ ቁፋሮ መጀመር አለብኝ። ምን ላድርግ?

ግንበኛው
እህቴ፣ መጀመሪያ አፈሩን እይው። ተዳፋቱ ቀይ ሆኖ ታች ያለው ሜዳ መረሬ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ከሆነ ኩሬውን እዚያ አታስቀምጪ። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሲሚንቶውንም ይዞት ይሰነጠቃል። በየእርከኑ ደጋፊ ግንብ ላይ የውኃ መውጫ ቱቦ ይኑር፤ ከጀርባውም ጠጠር ይሞላ። እኔ ካየኋቸው የወደቁ ግንቦች አብዛኞቹን የጣላቸው መውጫ ያጣ ውኃ ነው።

ቀጋ
ቡገንቪሊያውን እርሺው። ሆለታ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ ለጋውን ያቃጥለዋል። የእኛው ቀጋ ደጋ ለምዷል፣ ይንጠላጠላል፣ ነጭ አበባው መልካም መዓዛ አለው። እሾሁ ብቻ ክፉ ስለሆነ መተላለፊያውን ሰፋ አድርጊው።

የጆርጅታውን ነዋሪ
ደንበኛሽ ሜሪላንድ ከሆኑ ዋሽንግተን ጆርጅታውን ያለውን የዳምባርተን ኦክስ አትክልት ስፍራ ሄደው ይዩት። ያም ተዳፋት ነው፤ የተሠራውም እንዳንቺው በደብዳቤ ነው። ሮበርትና ሚልድረድ ብሊስ ቦታውን የገዙት እ.ኤ.አ. በ1920 ሲሆን ንድፉን ለአትክልት ስፍራ ንድፈኛዋ ለቢያትሪክስ ፋራንድ ሰጡ። ባልየው ዲፕሎማት ስለነበሩ ባልና ሚስቱ ወደ ስዊድን፣ ኋላም ወደ አርጀንቲና ሄዱ፤ ፋራንድና ሚልድረድ ግን መጻጻፋቸውን አላቋረጡም። ከቤቱ አጠገብ ያሉት እርከኖች በግንብና በቀጥታ መስመር የተገደቡ ናቸው፤ ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ነገሩ እየላላ ዱር ይመስላል። ክብ ኩሬም በልክ የተሠራ ቅርጽ ስለሆነ ለቤቱ ቀረብ ቢል ይሻላል፤ የአንቺው ታች ባይሆን የምለው ለዚህም ነው።

ዋናው ምክሬ ግን ሌላ ነው። ፋራንድ በወረቀት ብቻ አልተማመነችም፤ የሚሠራውን ነገር በትክክለኛ መጠኑ በቦታው ላይ አስመስላ ታስቆም ነበር። አንቺም ችካል ትከዪ፣ ሲባጎ ወጥሪ፣ የኩሬውን ክብ በኖራ አስምሪ፣ ውኃው በሚሆንበት ቦታ ነጭ ሸራ አንጥፊ። ከዚያ በረንዳው ላይ ወንበር አስቀምጪና ተቀምጠሽ ፎቶ አንሺላቸው። ቆመሽ እንዳታነሺ፤ እሳቸው ሻይ የሚጠጡት ተቀምጠው ነው።

ንድፈኛዋ
ዛሬ ጠዋት እንዳላችሁኝ አደረግሁ። በተቀመጥሁበት ሸራው ጨርሶ አይታይም! የሁለተኛው እርከን ጠርዝ ጋርዶታል። ፎቶውን ስልክላቸው «ይኸው፣ ውኃው የታል?» ብለው መለሱ። ለካ «ከፍ ይበል» ያሉት ውኃው ይታየኝ ለማለት ነው። ሸራውን ሁለተኛው እርከን ላይ አነጠፍሁት፤ ወዲያው ተስማሙ። አፈሩም እዚያ ቀይ ነው። ታችኛው ሜዳ እውነትም መረሬ ነው፤ እዚያ ምን ልትከል?

ግንበኛው
ሣር። ግንብ የሚባል ነገር እንዳታስቢ።

ቀጋ
ከአጥሩ ጥግ ጥቂት ወይራና ጽድ ጨምሪበት፤ ባሕር ዛፍ ግን ከኩሬው አጠገብ አይድረስ።