የአህያን ድካም ያለ አህያ ማሳየት ይቻላልን?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ተማሪዎቼ እህል ጭነው ገበያ የሚወጡ አህዮችን ድካም የሚያሳይ ዐውደ ርእይ እያዘጋጁ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ጀርባው ገጣባ የሆነ አህያ በአዳራሹ እናቁም ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ መምህር፣ እንዳያደርጉት እለምንዎታለሁ። ማርኮ ኤቫሪስቲ የተባለ የጥበብ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ የዴንማርክ ሙዚየም ሕያዋን ዓሦችን በመፍጫ ማሽኖች ውስጥ አስቀምጦ ቁልፉን መጫን አለመጫኑን ለተመልካቹ ሲተው፣ የሰውን ጭካኔ ቢያጋልጥም ዋጋውን የከፈሉት የሞቱት ዓሦች ናቸው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያመኛል።

መልስ 2፦ እኔም እስማማለሁ። የጥበብ ሰው የሆነው ጆሴፍ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1982 በጀርመኗ ካሰል 7,000 የኦክ ዛፎችን፣ እያንዳንዱን ከአንድ የባዛልት ድንጋይ ጋር፣ እንደ ጥበብ ሥራ ማስተከል የጀመረው እንስሳ ሳያሠቃይ ነው። ለእናንተም ላብ የጠጣ መጫኛ በመንዝ ባና ላይ ተዘርግቶ ቢታይ ይበቃል።

ጠያቂ፦ መጫኛዎቹን ከባለቤቶቹ ለምነን እንሰበስባለን፤ ገጣባውን አህያ ግን አስቀድመን ወደ እንስሳት ሐኪም እንወስደዋለን።